ሜቶዲስቶች በአሜሪካ መንግሥት ምሥረታ ዘመን

የአሜሪካ ቅኝ አገሮች ከእንግሊዝ ንጉሥ አገዛዝ ለመውጣት በተዋጉበት ዘመን ከተጠረጠሩት የሃይማኖት ማኅበሮች አንዱ የሜቶዲስቶች ማኅበር ነበረ። ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የማኅበሩ መሥራች ጆን ዌስሊ በ1775 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ የንጉሡን መብት ደግፎ ስለ ተከራከረ፣ በአሜሪካ የነበሩት ተከታዮቹ የጠላት ወገን ተባሉ። ከእንግሊዝ አገር ተልከው ከመጡት ሰባኪዎች ብዙዎቹ ተመለሱ። በ1771 የመጣው ፍራንሲስ አስበሪ ግን ቀረ፤ በሜሪላንድ የታዘዘውን መሐላ አልምልም ብሎም ደላዌር ሄዶ በአንድ ዳኛ ቤት ተጠልሎ ሰነበተ።

እንዲህ የተጠረጠረው ማኅበር ከጦርነቱ በኋላ ከአዲሱ መንግሥት ጋር አብሮ ማደጉ ያስደንቃል። የነገሩ ቍልፍ የክህነት ጥያቄ ነው። ሜቶዲስቶች እስከዚያ ድረስ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉ ማኅበርተኞች እንጂ ራሳቸውን የቻሉ አልነበሩም፤ ሰባኪዎቻቸውም ክህነት ስለሌላቸው ማጥመቅና ማቍረብ አልተፈቀደላቸውም። በጦርነቱ ምክንያት ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ብዙዎቹ በሸሹ ጊዜ ምእመናኑ ልጆቻቸውን የሚያጠምቅላቸው አጡ። ዌስሊ ለአሜሪካ ካህን እንዲሾምለት የለንደኑን ጳጳስ ቢለምን እምቢ ተባለ። ስለዚህ ራሱ ቄስ እንጂ ጳጳስ ሳይሆን በ1784 ሁለት ቀሳውስት ሾመ፤ ቶማስ ኮክንም የበላይ ጠባቂ አድርጎ ከእነርሱ ጋር ላከ። ወንድሙ ቻርልስ ይህን ሥራ አጥብቆ ነቀፈ።

በዚያው ዓመት በልደት ዋዜማ ሰባኪዎቹ በባልቲሞር ተሰበሰቡ። ዌስሊ አስበሪንም ለበላይ ጠባቂነት መርጦት ነበር፤ እርሱ ግን ወንድሞቼ ካልመረጡኝ አልቀበልም አለ። መረጡትም፤ በሦስት ተከታታይ ቀኖችም ዲያቆን፣ ቄስና የበላይ ጠባቂ ሆነ። ይህን የሪፑብሊክ መንፈስ ነው ብለው የሚያወድሱ አሉ። እንደ እኔ አስተያየት ግን እውነቱ ግማሽ ነው፤ አስበሪ በድምፅ ይመረጥ እንጂ ከዚያ በኋላ ሰባኪዎቹን የሚመድባቸው በራሱ ሥልጣን ነበር። በ1792 ጄምስ ኦኬሊ የተመደበ ሰባኪ ይግባኝ ይበል ብሎ ጠይቆ በተሸነፈ ጊዜ ተለይቶ ወጣ፤ የእርሱም ወገኖች ሪፑብሊካን ሜቶዲስት ተባሉ። ይሁን እንጂ ሰባኪዎቹን በፈረስ እስከ ምዕራቡ ጠረፍ ያደረሳቸው ይኸው ሥልጣን ነው። በ1784 አሥራ አምስት ሺህ ያህል የነበሩት አባሎች አስበሪ በሞተበት በ1816 ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሆኑ።

ለዚህ እድገት የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። የባልቲሞር ጉባኤ ባሪያ ያለው አባል ሁሉ በተወሰነ ጊዜ ነጻ እንዲያወጣ ደንግጎ ነበር። በግንቦት 1785 ኮክና አስበሪ ማውንት ቨርነን ድረስ ሄደው፣ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ባርነት እንዲቀር በሚለው አቤቱታ ላይ ጆርጅ ዋሽንግተን እንዲፈርም ለመኑት። እርሱም አሳባችሁ አሳቤ ነው አለ፤ ነገር ግን አልፈረመም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷም ድንጋጌው ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላው አገደችው፤ የደቡብ ባለርስቶች ተቈጥተው ነበርና።

ነጻነቱን በገንዘብ የገዛው ጥቁሩ ሰባኪ ሪቻርድ አለን በፊላደልፊያ ከነጮች ጋር መጸለይ ባዋረደው ጊዜ ለወገኖቹ ቤቴል የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ፤ በ1794 የመረቀውም አስበሪ ነው። በነጮቹ ሽማግሌዎችና በቤቴል ምእመናን መካከል ስለ ሕንጻው ባለቤትነት የተነሣው ክርክር ግን ለዓመታት ቈየ፤ በ1816 መጀመሪያ የፔንሲልቬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለቤቴል ፈረደ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ አስበሪ ከሞተ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ የጥቁር ሜቶዲስቶች ተወካዮች በፊላደልፊያ ተሰብስበው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ፤ አለንንም በድምፅ መርጠው ጳጳስ አደረጉት።