ያለ ማስታወሻ የገቡት ሁለት መስመሮች

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2003 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የሊኑክስ ኮድ ግልባጭ የተቀመጠበትን ሰርቨር ሰብሮ ገባ። ብዙ አልነካም፤ ሁለት መስመር ብቻ ጨመረ። ኮዱ ላይ ላዩን ሲታይ የተጠቃሚውን ማንነት የሚያጣራ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት የእኩልነት ምልክት መጻፍ በነበረበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። በሲ ቋንቋ ሁለቱ ምልክቶች «እኩል ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አንዱ ግን «እኩል ይሁን» ብሎ ያዛል። በዚህች ምልክት ምክንያት ምስጢሩን የሚያውቅ ተራ ተጠቃሚ የኮምፒውተሩ ሙሉ አዛዥ ይሆን ነበር።

ተንኮሉ የተነቃበት በመዝገቡ ነው። በዚያን ጊዜ የሊኑክስ ዋና መዝገብ ይያዝ የነበረው ቢትኪፐር በተባለ ሥርዓት ሲሆን፣ ወደ ግልባጩ የሚሄድ እያንዳንዱ ለውጥ ከዋናው መዝገብ የመጣበትን ምልክት ይዞ ይሄድ ነበር። ያ ለውጥ ግን ምንም አልያዘም። የቢትኪፐሩ ላሪ ማክቮይ ጉዳዩን ይፋ አደረገ፤ መስመሮቹም ወደ ዋናው ኮድ ሳይገቡ ቀሩ።

በዚያው ዓመት ሊኑክስ ሌላም ፈተና ገጥሞት ነበር። ኤስሲኦ የተባለው ኩባንያ «የዩኒክስን ምስጢር ለሊኑክስ አሳልፎ ሰጥቷል» ሲል አይቢኤምን ከሰሰ። ስለዚህ «ይህን መስመር ማን ጻፈው? ከየት አመጣው?» የሚለው ጥያቄ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆነ። በ2004 ሊነስ ቶርቫልድስ አዲስ ልማድ አመጣ፦ ኮድ የሚያበረክት ሁሉ ከማስታወሻው ግርጌ ስሙን አስፍሮ ኮዱን የመስጠት መብት እንዳለው ያረጋግጥ።

በ2005 የቢትኪፐር ነጻ ፈቃድ ሲቋረጥ ቶርቫልድስ ጊትን ሠራ። በጊት የአንድ ኮሚት መለያ ቁጥር የሚሰላው ከኮዱ ብቻ አይደለም፤ ከጸሐፊው ስም፣ ከቀኑና ከመልእክቱም ጭምር ነው። ከመልእክቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ቁጥሮችም አብረው ይለወጣሉ።

ይሁን እንጂ ጊት የጻፉለትን ከመጠበቅ አያልፍም። «ተስተካከለ» ብሎ ብቻ ለሚያልፍ ፕሮግራመር ያችኑ ባዶ ቃል በታማኝነት ያኖርለታል። ምን እንደተለወጠ ከኮዱ ይነበባል፤ ለምን እንደተለወጠ የሚያውቀው ግን ሰውየው ነው። እሱ ሥራ ሲለቅ ምክንያቱም አብሮት ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ሥርዓቱ ሲበላሽ፣ ተተኪው ያን መስመር ለማጥፋትም ለመተውም ይፈራል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ የምትናገር አንዲት ግልጽ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ትበቃለች። ካልተጻፈች ግን ተተኪው የሚወርሰው ኮዱን ብቻ ነው።