ሃያ አራት ቅጂ

ከየካ ቀና ብሎ እንጦጦን የማያይ ተማሪ የለም። ባሕር ዛፉን እናያለን፣ ብርዱን እናማርራለን፤ ስለ ንባብ ግን ተራራውን ጠይቀነው አናውቅም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እዚያ ላይ፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ሲደፉ መጽሐፍ ማለት በአብዛኛው ብራና ነበር። ፍየል ይታረዳል፣ ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፣ ቀለም ይበጠበጣል፣ ጸሐፊው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ወራት ይለፋል። የዚህ ሁሉ ውጤት አንድ ቅጂ ነው! ያም የሚገባው ወደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ወይም ወደ መኳንንት ግምጃ ቤት ነው።

የሚገርመው ግን የግዕዝ ፊደል ያን ጊዜ በማተሚያ መኪና ከወጣ ከ370 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። መዝሙረ ዳዊት በሮም ከተማ የታተመው በ1513 እ.ኤ.አ. ነው። ፊደሉ ታተመ፤ ሰፊው ሕዝብ ግን አላነበበም። እንግዲህ መኪና ብቻውን አንባቢ አይፈጥርም ማለት ነው።

በ1890ዎቹ አጋማሽ አንድርያስ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ፣ ምኒልክ «አእምሮ» ብለው ስም ያወጡለትን ጋዜጣ በአዲስ አበባ ጀመረ። እስቲ ገምቱ፤ በእጅ እየተጻፈ፣ 24 ቅጂ! ቆይቶ ማባዣ ሲገኝ 200 ደረሰ። ስቴንስል ስንቆርጥ ጣታችን በቀለም የሚጨማለቅብን እኛ፣ ለካ የዚያ ጋዜጣ የቅርብ ዘመዶች ነን።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። በእንጦጦ ራጉኤል የተማሩት፣ በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ በ1904 ዓ.ም. በአገሩ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የሚጠራው ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. ወጣ። ዳሩ ግን የሚያነበው ጥቂት፣ የሚያዳምጠው ብዙ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጅ አወቋት።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በአምስት ቋንቋዎች ተነሥቶ 15 ደረሰ። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ወደ የካ ትወርድ የነበረችው አያቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው ያን ጊዜ ነው። ስሟን የሞላችበት ደብተር ዛሬም ቤታችን አለ። ከደብተሩ በቀር ግን ቤት ውስጥ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ጋዜጣ የሚገዛ ማን ነበር? ከዓመታት በኋላ ደብተሩን ዘርግቼ «እማማ፣ አንብቢልኝ» ብላት ሳቀችና «ጠፍቶብኛል» አለችኝ።

በ1513 መጽሐፍ ነበረ፣ አንባቢ ጠፋ፤ በአያቴ ዘመን አንባቢ ተገኘች፣ መጽሐፍ ጠፋ። የንባባችን ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ መፈላለግ ነው ብል አልተሳሳትሁም። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ይህችን ቅጂ አንብባችሁ ትራስ ሥር አትቅበሯት። ስትጨርሱ ለሌላ ስጧት፤ ወደ ቤት ስትሄዱም ፊደል ለጠፋበት ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። 24 ቅጂም ቢሆን እጅ ካልያዘው ብዙ አገር ይዞራል።