የጀጎል ድምፅ በችሎት ፊት

«በሕግ አምላክ!» ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ታዲያ ሁለት ተከራካሪዎች ሁለቱም ሕግ ይዘው ሲመጡስ የትኛው ይቁም? ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ይላል ብሎ የሚቆርጠውስ ማን ነው?

አሜሪካኖች ይህን ጥያቄ የመለሱት ቀደም ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1803 ዳኛ ጆን ማርሻል በማርበሪና በማዲሰን ክርክር፥ ከሕገ መንግሥት ጋር የሚጋጭ ሕግ ዋጋ የለውም፤ ይህንንም የሚለየው ፍርድ ቤት ነው ሲል ወሰነ። የእኛው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን የመተርጐሙን ሥልጣን የሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይህ ማለት ግን ዳኞቻችን አፋቸው ተለጉሟል ማለት አይደለም። ምስክሩም ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ሐረር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። 22ቱን የክልሉ ነዋሪ ሁሉ ይመርጣል። የቀሩት 14 መቀመጫዎች የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ይባላሉ፤ የሚመርጧቸውም ሐረሪዎች ብቻ ናቸው። ያውም ጀጎል ያለው ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባና ሌላ ከተማ የሚኖረውም ጭምር!

ለምን እንዲህ ሆነ? ታሪክ ይጠየቅ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ያሠራላት፥ እስከ ጨለንቆ ጦርነት እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ የራሷ አሚር የነበራት ከተማ ልጆቿ ተበትነዋል። በ1940 ዓ.ም. የኩሉብ እንቅስቃሴ ሲመታ ብዙዎች ታሰሩ፤ ንብረት ተወረሰ፤ ስንቱ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ደግሞ ከግንቡ ውጭ እርሻ የነበራቸውን ባለርስቶች መሠረት ናደ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ 183,415 ሰው ሐረሪው ከመቶ 9 እንኳ አልሞላም። ኦሮሞው ከግማሽ በላይ፥ አማራው ከመቶ 22 በላይ ነበር።

እንግዲህ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ፥ ከክልሉ ውጭ ሆኖ ለጉባኤው ድምፅ መስጠት የሕግ መሠረት የለውም አለ። ክልሉ ከሰሰ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ለክልሉ ፈረደ። በዚያው ዓመት ሰበር ሰሚ ችሎት እስር ቤት የነበሩ የባልደራስ ዕጩዎች እንዲወዳደሩ መወሰኑም ይታወሳል። የሐረሪ ክልል ምርጫ ተራዝሞ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተካሄደ። አንድ ዳኛ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት «ተመለስ» ማለት መቻሉ በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ጓደኞቼ፥ ችሎቱ የፈታው ድምፅ የት ሆኖ ይሰጣል የሚለውን ነው። ከዚያ የከበደው ቋጠሮ እንዳለ ነው። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ግብር የሚከፍል ኦሮሞ፥ አማራ ወይም ጉራጌ አንድ ድምፅ ሲኖረው፥ ጎረቤቱ ሐረሪ ሁለት አለው። ይህ እኩልነት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአላባማ ላይ ፈርዶ ነበር። ከ600,000 ሰው በላይ ያለው ጄፈርሰን አውራጃና 15,000 ያህል ሰው ያለው ላውንደስ ለሴኔቱ እኩል አንዳንድ ሰው ይልኩ ነበር። ችሎቱ የአንድ ክፍለ ግዛት ሁለቱም ምክር ቤቶች በሕዝብ ቁጥር ይደልደሉ አለ። በዚህ ሚዛን ብንሄድ የሐረሪ ጉባኤ አንድ ቀን አያድርም።

ሆኖም ሚዛን ሲበደሩ የሚመዘነውንም ማየት ያስፈልጋል። በአላባማ ትርፍ ድምፅ የያዙት ሥልጣን ላይ የቆዩት ነበሩ። እዚህ ግን በቁጥር ተውጦ እንዳይጠፋ የሚሰጋ ትንሽ ሕዝብ ነው ያለው። የሐረሪው ስጋት እውነት ነው፤ የጎረቤቱም ቅሬታ እውነት ነው። በእኔ አስተያየት ቋንቋው፥ ባህሉና የጀጎል ቅርስ ለ14ቱ ይተው። ውሃው፥ መሬቱና በጀቱ ግን ሁሉም በእኩል ድምፅ የሚወስንባቸው ይሁኑ።

ይህን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ይሁን ዳኛ፥ ምክንያቱን ጽፎ በአደባባይ ያንብብ። ማርሻልን የምናስታውሰው ስለፈረደ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደፈረደ ስለጻፈና ሌላው አንብቦ ስለተከራከረበት ነው። የእኛም ፍርዶች ከመዝገብ ቤት ወጥተው በየመኝታ ክፍላችን ክርክር ይነሣባቸው። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ!