ማንን ጠይቃችሁ ነው?

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ሰሞኑን ከአውሮፓ የሚመጣው ወሬ በአራት ነገር ዙሪያ ነው። ድንበራችንን ማን ይጠብቅልናል ይላሉ፣ ክረምት ሲገባ ቤታችንን በምን እናሞቃለን ይላሉ፣ የመረጥናቸው ሰዎች ስለምን አይሰሙንም ይላሉ፣ ደግሞም ለመሆኑ እኛ ማን ነን ይላሉ። ይህን የሰማ ሰው የሩቅ አገር ጣጣ ይመስለዋል። አራቱም ጥያቄዎች ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወንጪ ሐይቅ አፋፍ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁናልና፣ ዛሬ በዚያው በአምቦ መንገድ ይዣችሁ ልሂድ። አንቸኩልም።

በጥቅምት ማለዳ፣ ብርዱ ጣት በሚቆረጥምበት ሰዓት፣ በአሸዋ ሜዳ ወጥተን ቡራዩን እናልፋለን፤ ከዚያም በግራም በቀኝም ሊያሽት የደረሰ የጤፍና የስንዴ ማሳ ይከተለናል፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ሆለታ እንገባለን። ሆለታ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያሠሩባት ከተማ ናት። በ1927 ዓ.ም. ካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚባል ሰው ከጥቂት የስዊድን መኮንኖች ጋር መጣና በዚህች ከተማ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ወጣቶችም ገቡበት፤ ገና ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ ልጆች ጠመንጃ መፍታትና መግጠም፣ ካርታ ማንበብ፣ ሰልፍ ማሳመር ተማሩ።

ታዲያ ትምህርቱ ሳያልቅ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። አገራችን የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች፤ የማኅበሩም ሕግ አንዱ ሲጠቃ ሁሉም እንደተጠቃ ይቆጠራል የሚል ነበር። ጄኔቭ ላይ ተሰበሰቡና ጣሊያን ጥፋተኛ ናት ብለው ፈረዱ፤ ከዚያም ይህን አትሽጡላት፣ ያንን አትግዟት የሚል ማዕቀብ ጣሉ፤ መኪናውና አውሮፕላኑ የሚሄድበትን ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ አስቀሩት፣ የስዌዝ ቦይንም ክፍት ተዉት። ይህም አልበቃ ብሎ በታኅሣሥ ወር የእንግሊዙ ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተገናኙ፤ ኢትዮጵያን ሸንሽነው ትልቁን ድርሻ ለጣሊያን የሚሰጥ እቅድም ጻፉ። ባለአገሩን የጠየቀው አልነበረም። እቅዱ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ አጉረመረመ፤ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ እቅዱም ቀረ፤ ነዳጁ ግን መፍሰሱን አላቆመም።

የሆለታ ልጆችስ? አዲስ አበባ ስትያዝ ከእነሱ መካከል ወደ ምዕራብ ያቀኑት ነቀምት ደረሱ፤ ከሌሎች አርበኞች ጋር ሆነው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ፤ በሰኔም ቦናያ በተባለ ስፍራ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ቆመው አቤት አሉ። ያ ሁሉ አገር ሰማቸውና በሐምሌ ወር ማዕቀቡን አነሣ። ሦስት ዓመት ጥቂት አለፍ እንዳለ ጦርነቱ የራሳቸውን በር አንኳኳ። ይህ ታሪክ አርጅቷል የምትሉ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬን ስትገባ አውሮፓ ያደረገውን አስታውሱ። ማዕቀብ በማዕቀብ ላይ ተደረበ፤ የአውሮፓን ቤት ያሞቅ የነበረው የሩሲያ ጋዝ ግን መጀመሪያ አልተነካም። ከውጭ ከሚያስገቡት ጋዝ 45 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚያችው አገር ነበራ!

ከሆለታ ተነሥተን አዲስ ዓለምን አልፈን ግንጪ ስንደርስ ወርደን እግራችንን እናፍታታ፤ አንድ ሻይ እንበል። እዚህ ደጋ ላይ የወረደ ዝናብ ሦስት መንገድ አለው። ግንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ በአምቦ በኩል የወረደው በጉደር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ በወንጪ ደቡብ የሚወርደው ወልጋ ደግሞ ጊቤን ይዞ ወደ ኦሞ ይጓዛል። የአንድ ቀን ዝናብ በሦስት አቅጣጫ ይለያይና ሦስት ግድብ ውስጥ ገብቶ መብራት ይሆናል። አዋሽ ላይ ያለው ቆቃ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ነው፤ የተሠራውም ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው ካሣ ነው። በኦሞ ላይ ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ሥራ ተቋራጩም ጣሊያናዊው ሳሊኒ ነበር። በዓባይ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኮንክሪቱን ያቆመው ይኸው ሳሊኒ ነው፤ ለወጪው ግን ከደመወዙ ቀንሶ ቦንድ የገዛው የአገራችን ሰው አዋጣ።

የሕዳሴው ግድብ ሰው ሁሉ የእኔ የሚለው ስለምን ይመስላችኋል? አዋጣ ተብሎ ተጠይቆ ስላዋጣ ነዋ። በታችኛው ኦሞ ያለው ሰው ደግሞ ጎርፉ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ ግድቡ ወንዙን ሲገራው ያ ጎርፍ ቀረበት። መብራቱ ለአገር ይጠቅማል፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን በጎጆው አናት ላይ ከፍተኛ ኃይል የተሸከመ ሽቦ እያለፈ እሱ በኩራዝ የሚያመሽ ገበሬ በዚህ መንገድ ዳርም አለ፤ እሱን ስለ ኃይል ብትጠይቁት መልሱ አጭር ነው፤ ሽቦው ሲያልፍ አየሁ ይላችኋል።

ሻያችንን ሳንጨርስ የግንጪን ሌላውን ነገር ላንሣላችሁ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የዚህች ከተማ ተማሪዎች ወጡ። ምክንያታቸው የኳስ ሜዳቸውና የጭልሞ ደን ነበር፤ ሜዳው ለባለሀብት ሊሰጥ ነው፣ ደኑም ሊመነጠር ነው ብለው ነው። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ሲሰማ አምቦ ተቃውሞ ተነሥቶ ሰው ሞቶ ነበር፤ ሐዘኑ ከየቤቱ አልወጣም። የግንጪ ልጆች ነገር ከዚያ ሐዘን ጋር ተያያዘና ከከተማ ከተማ ዞረ። በጥር ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። በመካከሉ የወደቀውን ልጅ ግን የሚመልሰው የለም፤ እናት በዚያ ቀን የለበሰችውን ጥቁር ለእናንተ ልገልጽላችሁ አልችልም።

አሁን አስቡት። ፕላኑን የነደፉት ሰዎች ካርታ ዘርግተው፣ መስመር አስምረው፣ ቀለም ቀብተው ነበር። መስመሩ የሚያልፍበትን የገበሬውን ደጅ አንኳኩተው እንዴት ነው ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ያ ሁሉ ባልሆነ። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ይሉ ነበር አባቶች። አውሮፓም ከዚህ አላመለጠችም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈረንሳይና የኔዘርላንድ ሰው የአውሮፓን ሕገ መንግሥት ትቀበላለህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ፣ አልቀበልም አለ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ አብዛኛው ነገሩ በሊዝበን ውል ስም ተመልሶ መጣ፤ ያን ጊዜ ፓርላማዎቹ እንጂ እሱ አልተጠየቀም። ጠይቆ መልሱን መጣል ካለመጠየቅ ይብሳል፤ ሰውዬው መናቁን ያውቀዋላ።

ከግንጪ ወደ አምቦ ስንወርድ አየሩ ይለዝባል። የአምቦ ጠበልና ፍል ውሃ የታወቀ ነው፤ የአምቦ ውሃን ጠርሙስ ያላየ የለም። እኔ ግን የማነሣላችሁ በአቅራቢያዋ ቦዳ በምትባል መንደር በዚያው በወረራው ዘመን፣ በ1928 ዓ.ም. ስለተወለደው ልጅ ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይባላል። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ናቸው፤ ግዕዙን ቤተ ክርስቲያን ተማረ፤ ከዚያም ሐምሌትንና ኦቴሎን በአማርኛ አናገራቸው፤ ስለ ኦዳ ዛፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ቴአትር ጽፎ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳተመለት። የትኛው ነህ ቢሉት አንዱን መርጦ ሌሎቹን የሚጥል ሰው አልነበረም። ማንነት መታወቂያ ላይ በአንድ መስመር እንዲሞላ የሚፈልግ ባለሥልጣን በየአገሩ አለ፤ በሃያ አራት ቋንቋ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረትም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለም። የሰው ልጅ ግን ከመስመሩ ይተርፋል፤ ማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ እሱኑ ይጠይቀው።

ከአምቦ ወደ ደቡብ ታጥፈን ዳገቱን እንያያዘው። እንሰቱ እየበዛ ይሄዳል፣ ብርዱም ይመለሳል፤ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያለው አፋፍ ላይ ስንደርስ ከታች ወንጪ ሐይቅ ይታያል፤ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ፈረስ የያዙት የአካባቢው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ተራ በተራ እንግዳ ያወርዳሉ። አንዱ ወጣት ጋቢውን ወደ ኋላ ጣል ያደርግና የኮርቻውን መጫኛ በጉልበቱ ደግፎ ያጠብቃል፤ እርካቡን በእጁ ይዞ እግራችሁን እስክታስገቡ ይጠብቃል፤ ከዚያም ልጓሙን ይይዝና ከፊት ከፊት ይወርዳል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ማድሪድ ላይ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገባት፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ሎጅ ተሠራ፣ መንገዱም ተቃና። ደግ ነው። የዚያ ወጣት ተራና ድርሻ ሳይነካ ሲቀጥል ግን የበለጠ ደግ ይሆናል።

ከዚህ ወደ ምዕራብ፣ በምዕራብ ሸዋ፣ ኦዳ ቢሲል አለ፤ የመጫ ኦሮሞ በኦዳው ዛፍ ጥላ ተቀምጦ ሕግ ያወጣበት፣ ሥልጣንም በየስምንት ዓመቱ የተረከበበት ስፍራ ነው። ጄኔቭ፣ ብራስልስና አዲስ አበባ ገና የሚቸገሩበትን ነገር እዚያ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ውሳኔው የሚወድቅበት ሰው አብሮ ይቀመጣል፣ ይናገራል፣ ይሰማልም። ወገኖቼ፣ ጦር ላኪውም፣ ግድብ ገዳቢውም፣ ካርታ ሠሪውም፣ ማንነት መዝጋቢውም ወደ ደጃችሁ ሲመጡ ቡናውን አፍሉላቸው፤ ቡናው እስኪወርድ ድረስ ደግሞ ማንን ጠይቃችሁ ነው በሏቸው። መልሱን ሳያመጡ ወረቀቱ ላይ አትፈርሙ።