የእናት አልባ ካንጋሮ ግልገሎች ሕመምና ሞት እንዴት ይመረመራል?

በአውስትራሊያ አውራ ጎዳናዎች ላይ በተለይ በምሽት በተሽከርካሪ ተገጭተው የሚሞቱ ካንጋሮዎች ጥቂት አይደሉም። የሞተችው እንስት በምትሆንበት ጊዜ አደጋው በእርሷ ብቻ ላያበቃ ይችላል፤ በሆዷ ኪስ ውስጥ ያለው ግልገል በሕይወት ሊገኝ ይችላልና። በዚህም ምክንያት አሽከርካሪዎች ለራሳቸው ደኅንነት ተጠንቅቀው ኪሷን እንዲመለከቱና ግልገል ካገኙ ለዱር እንስሳት አዳኝ ድርጅቶች እንዲያስታውቁ ይመከራሉ።

ከሞት የተረፉት ግልገሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያድጉት በየክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት ፈቃድ ባገኙ በጎ ፈቃደኞች ቤት ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ለዱር አይበቁም። ሌሊት እየተነሡ በጡጦ ያሳደጉት ግልገል በድንገት ሲሞት የሚነሣው ጥያቄ የሐዘን ጥያቄ ብቻ አይደለም። መልሱ በዚያው ቤት የሚገኙትን የሌሎች ግልገሎች ሕይወት ሊወስን ይችላል።

ተፈጥሯዊ ባሕርይ

ካንጋሮ፣ ዋላቢ፣ ኮዋላና ወምባት ማርሱፒያል ከሚባሉት፣ ልጆቻቸውን እጅግ ሳይጠነክሩ ወልደው አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ኪስ ከሚያሳድጉ አጥቢ እንስሳት ወገን ናቸው። ወገኑ በዱር የሚገኘው በአውስትራሊያ፣ በኒው ጊኒና በአካባቢው ደሴቶች እንዲሁም በአሜሪካ አህጉራት ሲሆን በአፍሪካ አይገኝም።

ቀዩ ካንጋሮ የሚወለደው ከ33 ቀናት ገደማ እርግዝና በኋላ ነው። ክብደቱ ከ1 ግራም ያነሰ ሲሆን በራሱ ጥረት ወደ ኪሱ ወጥቶ ጡት ይይዛል። ከኪሱ ጨርሶ የሚወጣውም ከ8 ወራት ገደማ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የእናቲቱ ወተት ከግልገሉ ዕድገት ጋር ይለዋወጣል፤ መጀመሪያ ላይ ቀጭን የነበረው ወተት ኋላ ቅባቱ ይበዛል። እናቲቱ በዕድሜ የሚበላለጡ ሁለት ልጆች ስታጠባ ከሁለት ጡቶች ሁለት ዓይነት ወተት እስከ መስጠት ትደርሳለች። ግልገሉ በሽታ የሚከላከልባቸውን ንጥረ ነገሮችም ከወተቷ ያገኛል። እናቱን ያጣ ግልገል ምግብን፣ ሙቀትንና የበሽታ መከላከያን በአንድ ጊዜ ያጣል ማለት ነው።

የሕመም መንስኤዎች

ቀዳሚው መንስኤ የወተት አለመስማማት ነው። የላም ወተት ላክቶስ የተባለ ስኳር በብዛት ይዟል። የካንጋሮ ግልገል አንጀት ይህን ስኳር በሚገባ ለመፍጨት ስለማይችል ግልገሉ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ የዓይን ሞራ ግርዶሽም ሊያስከትልበት ይችላል። ስለዚህ ላክቶሱ የቀነሰና ለየዕድሜው የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ይሰጠዋል። ዕድሜው የሚገመተውም ክብደቱን፣ የእግሩንና የጅራቱን ርዝመት በመለካት ነው።

ሁለተኛው መንስኤ ሙቀት ነው። ፀጉር ያላበቀለ ግልገል የሰውነቱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ መኝታ ያስፈልገዋል። ብርድ የምግብ መፈጨትን ያዛባል፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ደግሞ የሰውነትን ፈሳሽ ያሟጥጣል። በተጨማሪም በችኮላ የሚጠጣ ወተት ትን ብሎት ወደ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ያስከትላል። ብርቱ ድንጋጤም የጡንቻ መጎዳት አስከትሎ ከቀናት በኋላ ሊገድል ይችላል።

ሦስተኛው ተላላፊ በሽታ ነው። ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በጭንቀት በተዳከሙ ወይም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተደጋጋሚ በወሰዱ ግልገሎች አፍና አንጀት ውስጥ ይበዛል። ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በንጽሕና ጉድለት ይዛመታሉ። የድመት ዓይነ ምድር በነካው ሣር ወይም አፈር አማካይነት ደግሞ ቶክሶፕላዝሞሲስ ይተላለፋል። ኮክሲዲያ የተባሉት ጥቃቅን ጥገኛ ነፍሳት በተለይ ሣር መቅመስ ለጀመረው የምሥራቃዊው ግራጫ ካንጋሮ ግልገል አደገኞች ናቸው።

ምርመራው የሚከተለው ሥርዓት

ምርመራው የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። ግልገሉ የት እንደተገኘ፣ ምን ዓይነት ወተት በምን ያህል መጠን እንደጠጣ፣ የዕለት ክብደቱ፣ የዓይነ ምድሩ መልክና የተሰጠው መድኃኒት ሁሉ ይጠየቃል። የክብደት መቀነስ ከሌሎች ምልክቶች ቀድሞ ሊታይ ስለሚችል በየጊዜው የሚመዘን ግልገል ሕመሙ ሳይጠና ይደረስበታል።

ግልገሉ ከሞተ በድኑ በፍጥነት ቀዝቅዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መድረስ አለበት። ይሁንና በረዶ እስኪሆን ድረስ እንዲቀዘቅዝ አይመከርም፤ በረዶው ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ በማይክሮስኮፕ የሚደረገውን ምርመራ ያበላሻል። ሐኪሙ የውስጥ አካላትን በዓይን ከመረመረ በኋላ ከሳንባ፣ ከጉበት፣ ከአንጀትና ከሌሎችም ክፍሎች ናሙና ወስዶ በፎርማሊን ያቆያል። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚሆነው ናሙና ግን ፎርማሊን ሳይነካው ለብቻው ይላካል። አንዳንዶቹ በሽታዎች ወደ ሰው ሊተላለፉ ስለሚችሉ ጓንት ማድረግ ግዴታ ነው።

የውጤቱ አተረጓጎምም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በኮክሲዲያ የተያዘ ግልገል የጥገኛው ዕንቁላሎች በዓይነ ምድሩ ከመታየታቸው በፊት ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ የዓይነ ምድር ምርመራ ንጹሕ መሆን ብቻውን በሽታው አለመኖሩን አያረጋግጥም። በአንጻሩ ካንዲዳ መገኘቱ የምርመራው መጨረሻ አይደለም። ፈንገሱ እንዲበዛ ያደረገው ብርድ፣ መጨናነቅ ወይም የወተት ለውጥ ሊሆን ስለሚችል ሥሩ ካልታወቀ መድኃኒቱ ብቻውን ቀጣዩን ግልገል አያድንም።

በአገሪቱ የዱር እንስሳት ጤና መረጃን የሚያስተባብረው «ዋይልድላይፍ ሄልዝ አውስትራሊያ» ሲሆን፣ በሲድኒ በታሮንጋ መካነ እንስሳት የሚገኘው የዱር እንስሳት ጤና መዝገብም የበሽታ ምርመራ ውጤቶችንና ናሙናዎችን ያሰባስባል። በየቤቱ የሚደርሰው ሞት በዚህ መልክ ሲመዘገብ በአንድ አካባቢ የተነሣ በሽታ ሌላው ጋ ሳይደርስ ሊታወቅ ይችላል።

ብዙ ተንከባካቢዎች የግልገላቸው በድን እንዲመረመር ማድረግ ይከብዳቸዋል፤ ጥፋቱ የራሳቸው ሆኖ እንዳይገኝም ይሰጋሉ። የምርመራው ዓላማ ግን ተወቃሽ መፈለግ አይደለም። ግልገሉን ያሳደገው ሰው በሐቅ የጻፈው መዝገብ ለሐኪሙ ከቤተ ሙከራው ውጤት ያላነሰ ማስረጃ ነው፤ የአንዱ ግልገል ሞት ለሌላው መዳኛ የሚሆነውም ሁለቱ ሲገናኙ ነው።