አገርን ደስ ያሰኝ

የነገሥታትን ታሪክ በሐውልትና በዜና መዋዕል መፈለግ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ቤተ መንግሥት ደርሶ ለማያውቅ ሰው የንጉሡ ፊት የሚታየው በሳንቲም ላይ ነበር። ወርቁ በባለጸጋና በሩቅ ነጋዴ እጅ ሲዘዋወር፣ ነሐሱ ለዕለት ገበያ ነበር። ስለዚህ ንጉሥ ለተራው ሰው ምን ሊለው እንደ ወደደ ለማወቅ ነሐሱን መመልከት ይበጃል።

ሮማውያን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ70 ከወደቀች በኋላ ቄሣር ቬስፓስያን ባስቀረጸው የነሐስ ሳንቲም ላይ፣ በአንዱ ገጽ የእርሱ ምስል፣ በሌላው ገጽ ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ የምታዝን ሴት ትታያለች። ሴቲቱ የተማረከችው ይሁዳ ናት። እንዲህ ያለው ሳንቲም የድል አዋጅ ነው፤ በየገበያው ያለ ነጋሪት ይነገራል።

አክሱም እ.ኤ.አ. በ270 ገደማ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ የራሷን ገንዘብ ማውጣት ስትጀምር የንጉሥን ምስል በሳንቲም ላይ የመቅረጽን ልማድ ከዚያው ዓለም ወሰደች፤ ጽሑፉም ግሪክኛ ነበር። ነገር ግን በወርቁ ላይ የንጉሡን ምስል ከግራና ከቀኝ ያቀፉት የእህል ዛላዎች ናቸው። የአረማዊው ዘመን ምልክት የነበሩት ጨረቃና ክብ፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ለመስቀል ቦታቸውን ለቀቁ። ከዚያም በአራተኛው መቶ ዓመት የንጉሥ ስም የሌለበት፣ «ንጉሥ» ብቻ የሚል የነሐስ ሳንቲም ወጣ። በመስቀሉ ዙሪያ የተጻፈው ቃል «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» ይላል።

ይህን ቃል ከቬስፓስያን ሳንቲም ጋር አስተያዩት። ያኛው የተሸነፈ አገርን ያሳያል፤ ይህኛው ደስ ሊለው የሚገባ አገር እንዳለ ያምናል። ቆይቶም በንጉሥ መሐድይስ ነሐስ ላይ ቋንቋው ግዕዝ ሆነ፤ «በዚህ መስቀል ድል ያደርጋል» ይላል። የቆስጠንጢኖስ ራእይ በአገሬው ፊደል ተጻፈ ማለት ነው። በአንዳንዶቹ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ በመስቀሉ መካከል ወርቅ ተለብጦ እናገኛለን፤ ወርቅ በማይደርስበት እጅ ላይ ትንሽ ወርቅ ማኖር ነው።

መልካም ምኞት መልካም አገዛዝ ነው ማለት አይደለም። አገሩ በእርግጥ ደስ ብሎት እንደ ነበር ነሐሱ አይመሰክርም። ቢሆንም ቃሉ አንዴ ከተቀረጸ፣ ሳንቲሙን የያዘ ሁሉ ንጉሡን የሚመዝንበት ሚዛን በእጁ ገባ።

በእኛ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በወጣችው ባለ አንድ ሳንቲም ላይ በጥንድ በሬ የሚያርስ ገበሬ ተቀርጿል። ከዓባይ በላይ ባለው የወግዲ ምድር ይህ የዘወትር ሥራ ነው። የአክሱም ወርቅ ዛላውን አሳየ፤ ከገንዘብ ሁሉ ያነሰችው ሳንቲም አራሹን አሳየች። በመካከላቸው ያለው ረጅም ዘመን ግን አሁንም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ ይህ አገርን ደስ ያሰኛልን?