«አልጋ አለ?»

ግንቦት 2011 መጨረሻ ላይ፣ ያ የኢንተርኔት መዘጋት ከመምጣቱ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ፌስቡክ ላይ አንድ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ስሙ ቶቶ ቱርስ ነው፤ መቀመጫው ቺካጎ፣ ደንበኞቹ ደግሞ በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የሚኖሩ ተጓዦች። ለጥቅምት 2012 ላሊበላን ጨምሮ የሀገራችንን ታሪካዊ ቦታዎች የሚያዞር ጉዞ አሰናድቶ ድረ ገጹ ላይ ለጥፎታል። ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዙ ማኅበራት መንግሥት ጉዞውን እንዲያስቆም ጠየቁ። የድርጅቱ ባለቤት ዳን ዌር የግድያ ዛቻ እየደረሰው መሆኑን ለዜና ማሰራጫዎች ተናገረ። ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ መጀመሪያ ለፈተና ተብሎ፣ ቀጥሎ ደግሞ በሰኔ 15ቱ ግድያ ሰበብ። ሲመለስ ሀገሩ ሌላ ወሬ ላይ ነበር።

እኔ የአቃቂ ቃሊቲ ልጅ ነኝ። ቱሪስት በእኛ ሰፈር ያልፋል እንጂ አይቆምም፤ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ሐዋሳ ሲሄድ የመኪናውን መስታወት ዘግቶ ነው የሚያየን። በእኛ ዘንድ የሚያድረው የጅቡቲ መስመር ሹፌርና በጠዋት አውቶቡስ የሚሄድ መንገደኛ ነው። እና ያ የቶቶ ወሬ ለምን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ? አንድ ጥያቄ ስላስነሳብኝ ይመስለኛል፦ እንግዳ ተቀባይ ነን የምንል ሰዎች እንግዳውን በሩ ላይ ማንነቱን መጠየቅ የጀመርነው መቼ ነው?

ከሕጉ ልጀምር፤ ምክንያቱም ሕጉ ከቱሪዝማችን ይቀድማል። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው። የሚገርመው፣ በእሳቸው ሀገር በስዊዘርላንድ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገው ግንኙነት ከእ.ኤ.አ. 1942 ጀምሮ ወንጀል መሆኑ ቀርቷል። «ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ነው» ለሚል ሰው አንድ ነገር ላስታውሰው፦ ክልከላውን በአንቀጽ ቁጥር የጻፈው እጅም ከውጭ የመጣ ነበር። እርግጥ ነው፣ ክልከላው ራሱ የቆየ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗም መስጊዱም ከግራቨን በፊት አቋማቸውን ያውቁ ነበር።

የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ይዘው ፖስተር በፖስተር ዓለምን ጋበዙ። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የድሮውን ክልከላ በአንቀጽ 629 ይዞት ቀጠለ፤ ቅጣቱ አሁንም ቀላል እስራት ነው፣ በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት። ከባድ ሁኔታዎች ሲኖሩ አንቀጽ 630 እስከ 15 ዓመት ይወስደዋል። ልብ በሉ፦ አንቀጹ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ስለ አውሮፕላን ትኬት፣ ላሊበላን ስለማየት፣ ክፍል ስለመከራየት አንድም ቃል የለውም።

ለተጓዥ መመሪያ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሹፌር የት ማደር እንደሚችል የሚነግረው «ግሪን ቡክ» እ.ኤ.አ. በ1936 መታተም ጀመረ። «ስፓርታከስ» የሚባለው የግብረ ሰዶማውያን ተጓዦች መመሪያ ደግሞ በ1970 ወጣ። ሁለቱም ከተማ በከተማ የሚዘረዝሩት ያንኑ ቀላል ጥያቄ ነው፦ የት ብደርስ በሩ ይከፈትልኛል? ቶቶ ቱርስ የዚህ ታሪክ የልጅ ልጅ ነው። የእኛዎቹ ግን መመሪያ የላቸውም፤ ያላቸው ቃል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። ፓስፖርት ላይ የሚጻፈውን ቃል ለዚህ መምረጣቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

መንግሥትስ? እንግዳውን ላለማስቀየም ሲል የሚለሳለስበት ጊዜ ነበር። ኅዳር 2004 መጨረሻ ላይ የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲካሄድ፣ ከጉባኤው ቀደም ብሎ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ፈጻሚ ወንዶች ጤና የሚመክር ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የሃይማኖት መሪዎች ለተቃውሞ ጋዜጣዊ መግለጫ ተዘጋጁ። የያኔው የጤና ሚኒስትር ቴድሮስ አድኃኖም ገብተው አነጋገሯቸው፤ መግለጫው ቀረ። በ2006 ሚያዝያ ሊደረግ የታሰበው ሰላማዊ ሰልፍም ተሰረዘ። የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት ሬድዋን ሁሴን ወንጀሉ ከባድ ወንጀል አይደለም፣ እንደሚወራውም የተስፋፋ አይደለም፣ ያለው ቅጣት ይበቃል የሚል መልስ ሰጡ። ለዘብተኛ ይመስላል፤ እኔ ግን ከመቻቻል ይልቅ ገጽታ መጠበቅ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ነሐሴ 2015 ላይ ነገሩ ተገለበጠ። የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ከሕዝብ በደረሰው ጥቆማ በሆቴሎች፣ በመጠጥ ቤቶችና በእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው የላሊበላ ጎብኚ ብቻ አልሆነም። ቃሊቲም ደረሰ።

እንዴት እንደደረሰ ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ለአንድ የሰፈራችን ፔንሽን የእንግዳ መመዝገቢያ ሲስተም እየሠራሁ ነበር። ባለቤቱ ደግ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ሻይ አዝዘውልኝ፣

«ልጄ፣ ሁለት ወንድ አንድ አልጋ ሲይዝ ይኼ ነገር ቀይ እንዲያበራ ማድረግ ትችላለህ?» አሉኝ።

በቴክኒክ ቀላል ነው። የጾታ ሳጥን አለ፣ የክፍል ቁጥር አለ፤ አንድ መስመር ኮድ ይበቃዋል። ግን እኚህ ሰው የሚተዳደሩት በማን ነው? በሹፌርና በረዳት። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ሂሳብ ለመቆጠብ። አጎቶቻችን ለቅሶ ሲመጡ ፍራሽ ላይ ተደራርበው ያድራሉ። ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከገብርኤል እስከ መናኸሪያ ይሄዳሉ፤ ፈረንጅ ካየው ፎቶ ያነሳል፣ አስጎብኚውም «ጓደኝነት ነው» ብሎ ያስረዳዋል።

«ጋሼ፣ ሹፌርና ረዳቱስ?» አልኳቸው።

«እነሱማ ሥራ ላይ ናቸው!»

«ሲስተሙ በምን ያውቃል?»

ዝም አሉ። የፈሩት እንግዳውን አልነበረም፤ ጠቋሚውን፣ ፈቃዳቸውን፣ 20 ዓመት የደከሙበትን ቤት ነው። ይህን ፍርሃት መናቅ አልችልም። ግን ያንን መስመር እንደማልጽፈው ነገርኳቸው፤ ከሌላ ሰው ማሠራት እንደሚችሉም ጭምር።

«ተወው በቃ» አሉ ሻዩን እያማሰሉ፣ «በዓይን እናየዋለን።»

ሲስተሙን አስረከብኩ፣ ቀሪ ክፍያዬንም ሰጡኝ። በወሩ ለማደስ ስሄድ ሪሴፕሽን የምትሠራውን ልጅ ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። ሁለት ወንድ ሲመጣ «ወንድማማች ናችሁ?» ብላ እንድትጠይቅ ታዝዛለች። እስካሁን ሁሉም «አዎ» ብለዋል አለችኝ፤ ትግርኛና ሲዳምኛ የሚያወሩት ሁለቱ ሹፌሮችም ሳይቀሩ።